የዓለምሰገድ ርካሽ ዶሮዎች

ዓለምሰገድ ዶሮ ማርባት የጀመረው ለመሸጥ ብሎ አልነበረም። ልጆቹ አድገው ከቤት ሲወጡ ሃርልስደን ያለው ቤታቸው ጭር አለበት። ሚስቱ የሻረግ የምትሠራው ሆስፒታል ስለሆነ የፈረቃዋ ነገር አይታወቅም። እሱ ከሥራ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ቤቱ ባዶ ነው፤ ከቴሌቪዥን ጋር መፋጠጥም ሰለቸው። ከኋላ ያለው ጓሮ ሰፊ ቢሆንም ሣርና የዛገ የልጆች ብስክሌት ብቻ ነበር ያለበት። አንድ ቀን ተነሥቶ ዕፀገነት ዘንድ ሄደና፣ “እስቲ ሁለት ሦስት ዶሮ ሽጪልኝ፤ እንቁላል እንኳ ልብላ” አላት።

ከዕፀገነት ጋር የሚተዋወቁት ገና ለንደን እንደገቡ ነው። ሁለቱም ጥገኝነት ጠይቀው፣ ኬኒንግተን አንድ ማረፊያ ቤት ተመድበው፣ አንድ ምድጃ ተጋርተው ክረምቱን አብረው አሳልፈዋል። በኋላ እሱ ወደ ወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያን አዘነበለ፤ እሷ በኦርቶዶክስነቷ ጸናች። መንገዳቸው ቢለያይም ለሠርግና ለለቅሶ አይጠፋፉም። ዕፀገነት የምትኖረው ሰቨን ሲስተርስ ነው። ባል የላት፣ ልጅ የላት። ከንጋት ጀምሮ ቢሮ ታጸዳለች፤ የቀረውን ቀኗን የምታሳልፈው አሎትመንቷ ላይ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ በኪራይ የሚሰጠው የአትክልት ቦታ ላይ ነው። ሌላው ሰው ቲማቲምና ጽጌረዳ ሲተክልበት እሷ ዶሮ ታረባበታለች፤ ለገናና ለፋሲካ ደግሞ ለሐበሻው ትሸጣለች። የሱፐርማርኬት ዶሮ ቁሌት ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚፈራርስ ለንደን የከረመ ሁሉ ያውቀዋል፤ ወጡ ሳይሰክን ሥጋው ከአጥንቱ ተላቅቆ ይንሳፈፋል። የዕፀገነት ዶሮ ግን እሳት ይችላል። አሥራ ሁለት ብልቱ አሥራ ሁለት ሆኖ ይወጣል።

ያን ቀን ሦስት ቄብ መርጣ ሸጠችለት። ቆጡን እንዴት እንደሚሠራ፣ ቅማል ሲይዛቸው ምን እንደሚያደርግ፣ ቀበሮ የሚቆፍረው ከየት በኩል እንደሆነ በእጇ እያሳየች አስረዳችው። “ካስቸገረህ ደውል” ብላ ሸኘችው። እሱም ብዙ ጊዜ ደውሏል።

ዶሮዎቹ ተስማማቸው። የማይስማማቸውም ምክንያት የለም። ዓለምሰገድ ፓርክ ሮያል አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ ይነዳል። እዚያ በየሳምንቱ የሚቀደድ ጆንያ አይጠፋም፤ በቆሎው ወይም ስንዴው መሬት ከፈሰሰ በኋላ አይሸጥም። አለቃው “ውሰደው እንጂ፣ አለዚያ ገንዘብ ከፍለን ነው የምናስጥለው” አለው። እሱም በመኪናው ኋላ እየጫነ ያመጣዋል። እንግዲህ የዓለምሰገድ ዶሮዎች አንድ ሳንቲም ሳይወጣባቸው ጠግበው የሚያድሩ ዶሮዎች ነበሩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከአንድ ጓደኛው አውራ ዶሮ አገኘ። ሁለት ዶሮዎች ደግሞ ከአጥሩ ሥር ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀው ታቀፉ። መታቀፋቸውን ያወቀው ጫጩቶቹ እየተንጫጩ ሲወጡ ነው። በጋውን ሌሎችም ተከተሉ። ክረምቱ አልፎ የካቲት ሲገባ ጓሮው እግር ማስገቢያ የለውም። ወጣቶቹ አውራዎች መጮህ ጀምረዋል፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበላል። ጎረቤታቸው ሚስ ፐርል፣ ከጃማይካ የመጡ አሮጊት ናቸው፤ አንድ ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ “ዶሮ እኔም ያደግሁበት ነው፤ ግን ይሄ ደግሞ በዛ” አሉት። ክፉ አልተናገሩም። ያም ሆኖ ካውንስሉ ጆሮ ከደረሰ ነገር እንደሚመጣ ገባው።

በሚቀጥለው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ጓደኛውን ደረጄን አማከረው። ደረጄ የታክሲ ሹፌር ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑንም የአካባቢውንም ሐበሻ ያሰባሰበ አንድ የስልክ ግሩፕ አለው፤ ቤት የሚያከራይ፣ ሶፋ የሚሸጥ፣ ሰው የሞተበት ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚያስነግረው።

“ፋሲካ ደርሷል፤ ምን አሳሰበህ” አለ ደረጄ። “አሁኑኑ እለጥፈዋለሁ። በስንት ልበላቸው?”

ዓለምሰገድ አፈረ። ለወገኑ ዋጋ ተናግሮ አያውቅም። “እኔ እንጃ” አለ።

“እንዴ፣ ተናገር እንጂ!”

“አሥር ፓውንድ በላቸዋ።”

“ለአንዱ?”

“ምን ላድርግ፣ የራሳችን ሰው አይደል?”

ደረጄ ሳቀና ጀርባውን መታ መታ አደረገው። “ጌታ ይባርክህ! አንተ ልዩ ሰው ነህ።”

አሥሩን ያመጣው ከየትም አይደለም፤ አፉ ላይ የመጣለትን ነው የተናገረው። ዕፀገነት በስንት እንደምትሸጥ ግን አልጠፋውም። ራሱም ከፍሏታል። መኪናውን አስነሥቶ ወደ ቤት ሲሄድ ትዝ አለችው። የእሷ ለሽያጭ የተረባ ነው፣ የእኔ ትርፍ ነው፣ ምን ያገናኘናል አለና ሬዲዮውን ከፈተ።

ቅዳም ሹር ዕለት ከጠዋቱ ጀምሮ መንገዱ በመኪና ተጨናነቀ። ከሃርልስደን ብቻ አልነበረም የመጣው ሰው፤ ከቶተንሃምም፣ ከቴምዝ ማዶም የመጣ ነበር። ጾሙን የያዙ ኦርቶዶክሶች፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች፣ ስማቸውን የማያውቃቸው ወጣት ባልና ሚስቶች፣ ሁሉም በጠባቡ በር እየገቡ ጓሮው ውስጥ ቆሙ። የሻረግ ሥራ ገብታ ስለነበር ብቻውን ነው። ዶሮ ያባርራል፣ ይይዛል፣ እግር ያስራል፣ ገንዘብ ይቀበላል። ሰው ሁሉ ይመርቀዋል። “ልጆችህ ይባረኩ!” “በአሁን ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?” አንዲት እናት እጁን ይዘው ሊስሙት ሲሉ በግድ አስተዋቸው።

ዓለምሰገድ እንዲህ ተከብቦ አያውቅም። ዕድሜ ልኩን ጆንያ ሲያነሣና ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው ነው። በቤተ ክርስቲያንም የሚቀመጠው ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው፤ ስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ ተናግሮ አያውቅም። ያን ዕለት ግን ስሙ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይሰማው ነበር፤ ፊቱ ሞቀ፤ ደስ አለው።

በዚህ መሐል ነው አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት ዶሮዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ የተናገረችው።

“ሰቨን ሲስተርስ ያለችው ሴትዮ ሠላሳ ፓውንድ ነው የምታስከፍለን። ሠላሳ! ስንት ዓመት ስትግጠን ኖራለች በእግዚአብሔር!”

“ዕፀገነትን ነው?” አለ አንዱ። “እኔ እኮ ኦርደር አድርጌ ነበር። ይሄን ስሰማ ቀረሁባት።”

“እኔም ቀረሁ። ሌባ ናት። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ ስትሸጥ አታፍርም?”

ሰው ሁሉ ወደ ዓለምሰገድ ዞረ። አንዲት ቀይ ዶሮ ክንፏን ይዞ ቆሟል። ዓይናቸው ሁሉ አንድ ነገር እንዲል ይጠብቃል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እሷ እህል ገዝታ ነው የምታረባው፣ እኔ በነፃ ነው የማገኘው ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እንዲህ ለማለት ግን አሥር ፓውንዱ ልግስና እንዳልነበረ ማመን ሊኖርበት ነው። ያ ሁሉ ምርቃት ያለ ቦታው የወደቀ ሊሆን ነው።

ፈገግ አለና፣ “እንግዲህ እንደየሰው ነው” አለ።

ሰዎቹ ሳቁ። ሴትዮዋ “ልክ ብለሃል!” ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እሱ የቀይዋን ዶሮ እግር ለማሰር ጎንበስ አለ።

ፋሲካ አለፈ። ጓሮው ቀለለ፤ ሚስ ፐርልም አመሰገኑት። ደረጄ በየሄደበት ሲያወራው ሰነበተ፤ “እንደየሰው ነው” የምትለዋንም አብሮ ያወራት ነበር። ዓለምሰገድ ይህን ሲሰማ፣ ወሬ ነው ያልፋል እያለ ተወው። ለዕፀገነት በዓሉን “እንኳን አደረሰሽ” ሊላት ስልኩን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። በየዓመቱ የሚደውለው እሱ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሻረግ ሰቨን ሲስተርስ አካባቢ ለቅሶ ደርሳ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ጓሮ ድረስ ሄደችና እሱ ውኃ ሲቀይር አገኘችው።

“ዕፀገነትን አገኘኋት” አለችው።

“ደህና ናት?”

“ጥግ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሰው ቡና ሲያቀርብ እንኳ እሷን ይዘልላል። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‘አጠገቤ ባትቀመጪ ይሻልሻል፣ አንቺንም ሌባ ይሉሻል’ አለችኝ።”

ዓለምሰገድ ባልዲውን መሬት አስቀመጠ።

“ለፋሲካ ብላ ያሳደገቻቸውን ማንም አልወሰደላትም” አለች የሻረግ። “ያዘዙትም ቀሩባት። መጨረሻ ላይ አንድ ልኳንዳ ቤት በሙሉ በርካሽ ጠራርጎ ወሰዳቸው። አንዷ ደግሞ ደውላ ‘የዓምናውን ልዩነት መልሺልኝ’ አለቻት አሉ። በዚህ ላይ አንተ ራስህ መስክረህባታል ነው የሚባለው።”

“እኔ ምንም አላልኩም!”

“ምንም አላልክም?”

“አይ፣ ማለቴ… ርካሽ መሸጥ ኃጢአት ሆነ እንዴ የሻረግ? ሰው ልጥቀም ብዬ ነው።”

“የዶሮዎችህን እህል በስንት ትገዛዋለህ?”

“አልገዛውም፤ ታውቂ የለም እንዴ?”

“እሷስ?”

የሻረግ መልስ አልጠበቀችም፤ ገብታ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ዓለምሰገድ ዶሮዎቹ መሐል ቆሞ ቀረ።

ቅዳሜ ዕለት ወደ አሎትመንቱ ሄደ። በእጁ ምን ይዞ እንደሚሄድ ቸግሮት፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ጆንያ በቆሎ መኪናው ላይ ጫነ። ዕፀገነት ቦት ጫማ አድርጋ መሬቱን ስትቆፍር አገኛት። ዶሮዎቹ ይኖሩበት የነበረው የሽቦ አጥር በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውስጡ ባዶ ነው።

“እንዴት ነሽ ዕፀገነት?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። የሻረግ ደህና ናት?” አለች፤ መቆፈሯን አላቆመችም።

“ደህና ናት። እኔ እንኳ… ጥፋት አጥፍቻለሁ። ሰው ፊት ሲያሙሽ ዝም አልኩ። ዝምም ብቻ አይደለም፣ አንድ ነገር ተናገርኩ።”

“ሰምቼዋለሁ።”

“ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት።”

አካፋዋን መሬት ላይ ሰክታ ቀና አለች። ዕድሜዋ ከእሱ ብዙም አይበልጥም፤ ያን ቀን ግን በጣም የደከማት መሰለችው። “እሺ፤ ይቅር ለእግዚአብሔር” አለች።

እንዲህ ቶሎ ይቅር ስትለው ባሰበት። ብትሰድበው ይመርጥ ነበር።

“ከእንግዲህ እኔም በሠላሳ ነው የምሸጠው” አላት።

“አሁን ሠላሳ ብትል ሁለታችንንም ሌባ ይሉናል። ምን ጠቀምከኝ?”

“እሺ፣ ይሄን እህል ውሰጂ። በየሳምንቱ አመጣልሻለሁ። ያኔ አንቺም ዋጋ ትቀንሻለሽ፤ ሰውም ይመለስልሻል።”

ዕፀገነት ወደ መኪናው ተመለከተች። “የተቀደደ ጆንያ ነው?”

“አዎ፤ እህሉ ግን ንጹሕ ነው።”

“መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ያልተቀደደ ሳምንትስ? አለቃህ የተለወጠ ቀንስ? ያኔ መልሼ ሠላሳ ስላቸው ምን ይሉኛል?” ጭንቅላቷን ነቀነቀች። “ዓለምሰገድ፣ እኔ ዋጋ የማወጣው ነገም ከነገ ወዲያም ማለት የምችለውን ነው።”

“ግን ሠላሳው… አትቆጪኝና፣ ከምን ተነሥተሽ ነው?”

ይህን ሲጠይቅ እንደገና አፈረ። ይህን መጠየቅ የነበረበት ያን እሁድ ለደረጄ አፉን ከመክፈቱ በፊት ነበር። እሷ ግን አልተቆጣችም። ጣቷን እያጠፈች ነገረችው፤ የጫጩቷን መግዣ፣ የእህሉን፣ ለመኝታቸው የሚነጠፈውን ገለባ፣ የቦታውን ኪራይ፣ ለበሽታ የሚሰጠውን መድኃኒት። በየዓመቱ ቀበሮ የሚወስዳቸውንና በብርድ የሚሞቱትን ደግሞ በሕይወት የተረፉት ናቸው የሚከፍሉላቸው። የወፍ ጉንፋን መጣ ተብሎ ከላይ በመረብ ይሸፈን በተባለ ጊዜ መረቡንም የገዛችው ከዚያው ነው።

“ሁሉም ሲደመር ሃያ ስምንት ይመጣል” አለች። “ሁለቷ ፓውንድ የእኔ ናት።”

“ለአንድ ዶሮ?”

“ለአንድ ዶሮ። ለስድስት ወር። በዝናቡም በበረዶውም ከሥራ ወጥቼ እዚህ የምመጣበት።” አካፋዋን መልሳ አነሣች። “በሁለት ፓውንድ ነው ሌባ የተባልኩት።”

ዓለምሰገድ እህሉን እንደጫነ ተመለሰ። መንገዱን ሁሉ ያቺ ሁለት ፓውንድ ከጭንቅላቱ አልወጣችም። የእሱ ዶሮ ያለ እህል ወጪ፣ ያለ ቦታ ኪራይ አድጋ፣ ከአሥሩ ፓውንድ ዘጠኙ ምናልባትም አሥሩም የእሱ ነበር። ለጋስ የተባለው እሱ ከእያንዳንዷ ዶሮ ስግብግብ ከተባለችው ሴት ወደ አምስት እጥፍ ያተርፍ ነበር ማለት ነው። ይህ ሲገለጥለት ከኋላው ያለው ሹፌር ጥሩምባ እስኪያስጮህበት ድረስ አረንጓዴው መብራት ላይ ቆሞ ቀረ።

ቤት እንደገባ በደረጄ ግሩፕ ላይ የድምፅ መልእክት ለመላክ ተቀመጠ። ደጋግሞ ቀዳ፤ ደጋግሞ አጠፋ። በመጨረሻ እንዲህ አለ፦ “ወንድሞችና እህቶች፣ ዓለምሰገድ ነኝ። ለፋሲካ በአሥር ፓውንድ የሸጥኩላችሁ ዶሮ ዋጋው አሥር ፓውንድ አልነበረም። እኔ እህሉን በነፃ ስለማገኝ ነው። እህት ዕፀገነት የምትሸጥበት ዋጋ ትክክለኛ ዋጋ ነው። እሷን ሲያሟት ዝም ማለቴ፣ ያንንም መናገሬ በደል ነው፤ ይቅርታ።”

ልኮ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ሰው የሚቆጣው፣ የሚሰድበው መስሎት ነበር። ስልኩ ግን መጮህ ጀመረና አላቆም አለ። አበባ፣ ልብ፣ የተገጣጠሙ እጆች። “እንዴት ያለ ትሕትና!” “ተባረክ ወንድማችን፣ የሌላውን ገመና ለመሸፈን ብለህ ራስህን ዝቅ አደረግህ።” “ሠላሳ ፓውንድ የምትበላዋ እንኳ ከእሱ ትማር።” አንድ ሽማግሌ በድምፃቸው ሙሉ ጸሎት ላኩ።

ዓለምሰገድ ማንበቡን ሳይጨርስ ደረጄ ዘንድ ደወለ።

“አልገባቸውም ደረጄ! እኔ ነኝ ያጠፋሁት እያልኩ ነው።”

“ገብቷቸዋል፤ ትሑት ነህ ነው የሚሉህ። ምን ያናድድሃል?”

“ትሑት አይደለሁም! እውነቱን ነው የነገርኳቸው።”

“ይኸው፣ አሁንም ትሕትና ነው” አለ ደረጄ እየሳቀ።

በማግሥቱ ዕፀገነት ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። “ዓለምሰገድ፣ እባክህ ሁለተኛ ስሜን አታንሣ። አንተ ስለ እኔ ደግ በተናገርክ ቁጥር እኔ እከፋለሁ።” ከዚህ በላይ አልተናገረችም፤ ስልኩ ተዘጋ።

ያን ሰሞን ለየሻረግ እንኳ ብዙ አያወራም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰው ከሩቁ እየሳቀ ይመጣና ያቅፈዋል። አንድ እሁድ “ወንድም ዓለምሰገድ ፊት ይቀመጡ” ተብሎ ወንበር ተሰጠው። ዝማሬው እስኪያልቅ ታገሠና በጎን በር ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ለማንም አላወራም። የተቀደደ ጆንያ ማምጣቱን ተወ፤ “ሌላ ሰው ይውሰደው” አለና አለቃውን አስገረመው። ከራሱ ኪስ እንደማንኛውም ሰው የዶሮ መኖ መግዛት ጀመረ። መጀመሪያ ቀን ሱቁ ውስጥ ዋጋውን ሲያይ ስህተት መስሎት ልጅቷን ጠየቃት፤ ስህተት አልነበረም። በዚያ በጋ ጫጩቶቹ ሲያድጉ ጆንያው እንዴት ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ አየ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ቀበሮ አጥር ሥር ቆፍሮ ገባ፤ ላባ ብቻ ትቶ ሄደ። የቀሩትን ሲያያቸው ዕፀገነት “የተረፉት ናቸው የሚከፍሉላቸው” ያለችው ምን ማለት እንደሆነ ሳያሰላ ገባው።

በእንቁጣጣሽ ሰሞን ደረጄ ደወለ። “ዶሮ ደርሷል አይደል? አሁን ልለጥፈው?”

“ለጥፈው። ሠላሳ ፓውንድ በል።”

ደረጄ ሳቀ። ዓለምሰገድ አልሳቀም።

“የምርህን ነው?”

“የምሬን ነው።”

“ዓለምሰገድ፣ በፋሲካ አሥር ነበር እኮ! ሰው ምን ይላል? እኔ ምን እላቸዋለሁ?”

“ያኔ ተሳስቼ ነበር በላቸው። ዋጋው ይሄ ነው።”

“ተለወጥክ” አለ ደረጄ፤ ድምፁ ቀዘቀዘ። “እውነቴን ነው፣ በጣም ተለወጥክ። ሴትዮዋ ናት ይሄን ያስተማረችህ?”

“እሷ ምንም አላለችኝም። ስሟን አታንሣ።”

ለጠፈው፤ ግን ከሥሩ አንድም አበባ አልመጣም። ጥቂት ሰዎች ደውለው ዋጋውን ሲሰሙ ዘጉት። ያቺ ነጠላ የለበሰችው ሴት ቤቱ ድረስ መጥታ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ “አንተም እንደሷ ሆንክ? እኛን አስለምደህ አሁን ልትግጠን ነው?” አለችው። ዓለምሰገድ እስክትጨርስ ሰማት። ተገቢ ቅጣት አግኝቶ የተገላገለ መስሎ ተሰማው። በሩን ዘግቶ ሲገባ ግን አሰበው። እሱ ይህን ስድብ የሰማው አንድ ጊዜ ነው፤ ቤት አለው፣ ደመወዝ አለው፣ የሚያዳምጠው ሚስት አለችው። ዕፀገነት ደግሞ ከፋሲካ ጀምሮ ስትሰማው ነው የከረመችው። ቀለል ያለው ልቡ መልሶ ከበደው።

ከዶሮዎቹ የተሸጡት ጥቂት ናቸው። የቀሩት እንቁላል እየጣሉ ቆዩ፤ ለሚስ ፐርል በየሳምንቱ ይወስድላቸው ነበር።

መስከረም አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት ዕፀገነት ናት። ክንዷ ላይ ባዶ ካርቶን አንጠልጥላለች፤ ጎንና ጎኑ ለአየር ተበሥቷል።

“ዶሮ አለህ አሉ” አለችው።

“ግቢ፣ ግቢ እንጂ!” ተደናገጠ። “የሻረግ! ዕፀገነት መጥታለች!”

“አልቀመጥም፣ እቸኩላለሁ። ሁለት ቄብ ፈልጌ ነው፤ ለእንቁላል።”

ጓሮ ወሰዳት። ራሷ መረጠች፤ ዶሮዋን ያዝ አድርጋ ክንፏን ዘርግታ ታያለች፣ ደረቷን ትዳስሳለች፣ ዓይኗን ታያለች። ሁለቱን ለይታ ካርቶኑ ውስጥ አስገባችና ክዳኑን ደፈነች።

“ውሰጃቸው” አለ ዓለምሰገድ። “እባክሽ። በነፃ ውሰጂልኝ።”

ፊቷ ተለወጠ። “በነፃ ብፈልግ እዚህ ድረስ አልመጣም። ዋጋ ንገረኝ።”

“ዕፀገነት…”

“ዋጋ ንገረኝ፤ አለዚያ አወጣቸዋለሁ።”

“ሠላሳ።”

“ለአንዷ? ይቺን እያት፣ ገና መች መጣል ጀመረች? ሃያ አምስት።”

“ጀምራለች እኮ! ትናንት ነው የጣለችው። ሃያ ዘጠኝ።”

“እህል በስንት ትገዛለህ?”

ነገራት። ዓይኗን ቀና አድርጋ ለአፍታ አየችው፤ መኖ መግዛቱን የሰማችው አሁን ነው። “ውድ ገዝተሃል” አለች። “ቶተንሃም ከዚያ ይሻላል። ሃያ ስድስት።”

“ሃያ ስምንት።”

“ሃያ ሰባት፤ ካልሆነ ሄድኩ።”

“እሺ፣ ሃያ ሰባት።”

ከቦርሳዋ ገንዘቡን አወጣች፤ ቆጥራ መዳፉ ላይ አኖረችለት። የመሸጫው ዋጋ ከወጪው ጋር ሲተያይ ለራሱ የሚተርፈው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ገንዘቡን ተቀበለ፤ አልመለሰላትም።

“መልሰሽ ልታረቢ ነው?” አላት በሩ ላይ።

“አላውቅም” አለች። “ለጊዜው ሁለቱ ይበቁኛል።”

“በመኪና ላድርስሽ?”

“ባቡሩ ቅርብ ነው። የሻረግን ሰላም በልልኝ።”

ካርቶኑን በሁለት እጇ አቅፋ ወጣች። ዶሮዎቹ ውስጥ ሆነው ይንቆራቆራሉ። ዓለምሰገድ በሩን ዘግቶ ወደ ማድ ቤት ሲመለስ፣ የሻረግ ገና ከላይ ፎቅ እየወረደች ነው።

“ሄደች? ሳላያት?”

“ቸኩላ ነው።”

“ስንት ሸጥክላት?”

“ሃያ ሰባት።”

“ተከራከረችህ?”

“በደንብ።”

የሻረግ ጭንቅላቷን ነቀነቀችና ድስቷን ልትጥድ ወደ ምድጃው ዞረች። ዓለምሰገድ ገንዘቡን ኪሱ ከተተውና የዶሮዎቹን ውኃ ሊቀይር ወጣ።